የሟቹ መጋዝ

ጸጋው የሚቀናው በሞተ ሰው ነበር። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ቢናገርስ ማን ይረዳዋል? ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፣ አብሮት በሚሠራ ይቀናል፣ ሚስቱን እያየ ጥርሱን በሚያሳይ ጎረምሳ ይቀናል። አፈር በለበሰ ሰው መቅናት ግን ለንስሐ አባት እንኳ የሚነገር ነገር አልመሰለውም።

ሟቹ የሽዋስ ይባላል፤ የሚስቱ የማሬ የመጀመሪያ ባል ነው። በደብረ ወርቅ ዙሪያ ባሕር ዛፍ እየቆረጠ የሚኖር፣ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሚሆን ወራጅ ሲፈለግ ከሩቅ ደብር ሳይቀር መጥተው የሚወስዱት ሰው ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለ የገዛ መጋዙ ጭኑን መታውና መኪና መንገድ ሳያደርሱት ደሙ አለቀ። ማሬ ከሐዘኑ በኋላ ደብረ ማርቆስ ገብታ በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ምግብ ቤት ተቀጠረች። ከጸጋው ጋር የተዋወቁትም የምግብ ቤቱን የውሃ ፓምፕ ሊጠግን የሄደ ጊዜ ነው። ጸጋው ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ አለችው፤ ፓምፕ በሉት ጄኔሬተር፣ የሞተር መጋዝ በሉት የሣር ማጨጃ፣ ትንሽ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል።

ማሬን ሲያገባ ወደ አርባው ተጠግቶ ነበር፤ ከዚያ በፊት ትዳር አያውቅም። ለእሱ ሁሉም ነገር አዲስ ነበር። ለእሷ ግን አዲስ እንዳልሆነ ባሰበ ቁጥር ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይቆረጥመዋል። ወጥ ቀምሳ አንገቷን ዘንበል ስታደርግ «ይህንንም እሱ አይቶታል» ይላል በልቡ። ስትስቅ «ለእሱም እንዲህ ስቃለታለች» ይላል። ከደብረ ወርቅ የሚመጣ ደንበኛ የሽዋስን አንስቶ «ነፍሱን ይማረው፣ እንደሱ ያለ ሰው አይገኝም» ካለ የዚያ ሰው ሞተር ቶሎ አይጠገንም።

አንድ ማጽናኛ ብቻ ነበረችው። ሊጋቡ አካባቢ ማሬ ራሷ የነገረችው ነገር ነው። የሽዋስ የሞተ ዕለት ጠዋት ተጣልተው ነበር። እሷ ከተማ እንግባ ትላለች፤ እሱ እናቴን ጥዬ የትም አልሄድም ይላል። ጎረቤት እስኪሰማ ተጯጯሁ። መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ ከኋላው «ሂድ! ሂድና እዚያው ቅር!» አለችው። እዚያው ቀረ። በቀብሩ ዕለት እናቱ በሰው ሁሉ ፊት «እጁን ያሳተው ያንቺ ምላስ ነው! ልቡ ካንቺ ጋር ሲሟገት ነው የሞተው!» አሏት። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ መንኩሰው እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ተባሉ፤ ማሬም ያንን አገር ረግጣ አታውቅም። የባሏን መቃብር እንኳ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ አላየችውም።

ጸጋው ይህን ሲሰማ ያዘነ መስሎ ነበር። ውስጡ ግን ደስ አለው። «እንግዲያ እንደሚወራው አይዋደዱም ነበር» አለ ለራሱ። ከዚያ በኋላ ቅናቱ በተነሳ ቁጥር ያችን የጠብ ጠዋት ያወጣትና እንደ ራስ ምታት ክኒን ይውጣታል።

አምና በጥቅምት፣ ክረምቱ ጨርሶ ሲወጣ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም አስማማው ጋራዡ ድረስ መጣ። ረጅም፣ ትሑት ጎልማሳ ነው። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ኮፍያውን አውልቆ እያሻሸ፣

«ጋሼ፣ የወንድሜ መጋዝ እትዬ ማሬ ዘንድ አለ አይደል?» አለ። «የእናቴ ቤት ጣሪያው ሊወድቅባት ደርሷል። ጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ ቆርጬ ልሠራላት አሰብኩ። መጋዙን ቢጠግኑልኝ ብዬ ነው። እትዬንም ቅር ካላላት።»

ጸጋው «እኔን ቅር ይለኛል» ሊል ምንም አልቀረውም። «እስቲ ትጠየቅና» አለው።

ማሬ ስትጠየቅ አላመነታችም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የታሠረ ጆንያ ጎትታ አወጣች። ጸጋው ጆንያው እዚያ መኖሩን ከተጋቡ ጀምሮ ያውቃል፤ ቤት በተጠረገ ቁጥር በዓይኑ ጥግ ያየዋል፤ ነክቶት ግን አያውቅም። ገመዱን ስትፈታ ጣቶቿ ቋጠሮውን ሳይፈልጉ አገኙት።

«ያን ቀን ካመጡት ወዲህ ማንም አልነካውም» አለች። «ደሙን ብቻ ነው የጠረግኩት።»

አሮጌ መጋዝ ነው፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ እንደ ዛሬዎቹ ሰንሰለት ማቆሚያ ፍሬን እንኳ የሌለው። እጀታው ግን በቀጭን ጠፍር ተጎንጉኖ ተጠቅልሏል፤ ጉንጉኑ የጋሻ ማንገቻ ይመስላል።

«ይህን ማን ጠቀለለው?»

«እሱ ነዋ። ብርድ ላይ ብረቱ እጄን ይበላኛል እያለ» አለችና ሳታስበው ፈገግ አለች።

ያችን ፈገግታ ጸጋው ብዙ ቀን ተሸክሟት ዞረ። መጋዙን ወስዶ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ወረወረው፤ ሌላውን ሁሉ ሥራ ያስቀድማል፣ ያንን አይነካም። አስማማው ሁለት ጊዜ ደወለ። ሁለቱንም ጊዜ «ዕቃ እየጠበቅኩ ነው» አለው። የሚጠብቀው ዕቃ አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የፈለገው ጥገናውን አልነበረም። የፈለገው ሰውየውን ነው። መካኒክ የሰው ሞተር ሲከፍት ባለቤቱን ያውቀዋል፤ ጸጋውም ያንን የተመሰገነ ሰው ዝርክርክ፣ ንዝህላል ሆኖ ሊያገኘው ጓጉቶ ነበር። የሰንሰለቱን ጥርሶች አየ፤ ሁሉም በአንድ ልክ ተሞርደዋል። የአየር ማጣሪያውን አወጣ፤ ታጥቦ ነበር። የላላ ብሎን ፈለገ፤ አላገኘም። ራሱ እንደዚያ አድርጎ ይይዘው እንደሆነ ተጠራጠረ፤ ይህም አናደደው።

ያረጀውን ቤንዚን ደፍቶ አዲስ ከዘይት ጋር በጥብጦ ሞላና ገመዱን ሳበ። ጥቂት አስቸግሮ ተነሳ። መጀመሪያ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይጨመርለት በዝግታ፣ ረግቶ ይንደቀደቅ ጀመር። «ምን ሆነና ነው?» እያለ ትንሽ አሞቀው፤ ነዳጅ ሰጠውና ለቀቀው። ሞተሩ ግን አልወርድ አለ። ጣቱ ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነስቷል፤ ሞተሩ ሰው አንቆ እንደያዘው ይጮሃል፤ ሰንሰለቱ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል። ደንግጦ ማጥፊያውን ተጫነው።

በሽታውን አውቆታል። ሞተር የሚጠጣው ነዳጅና የሚተነፍሰው አየር ልክ አለው። አየር ሊገባበት በማይገባ ቀዳዳ ሾልኮ ከገባ ነዳጁ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ይጮሃል፣ ባለቤቱ ቢለቀውም አይበርድም። የቀረው ቀዳዳውን ማግኘት ነው።

«ጆንያ ውስጥ ተቀምጦ ጎማው ደርቆ ይሆናል» ብሎ ተጽናና። እንደዚያ ከሆነ በሽታው ከሞቱ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው። ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘውን ጎማ አውጥቶ በጣቱ አጠፈው፣ ዘረጋው፤ አልተሰነጠቀም። እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ፈታ። ጫፉ ቡናማ መሆን ሲገባው እንደ ኖራ ነጥቷል። ጩኸቱን የሚያፍነውን ማርሚታ አውልቆ በጭስ መውጫው በኩል በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ሲያይ ፒስተኑ ላይ ቁልቁል የወረዱ ጭረቶች ነበሩበት። ይህ ጆንያ ውስጥ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሞተሩ ሰው እጅ ላይ ሳለ፣ በሥራ ላይ፣ ብዙ ቀን ሲቃጠል ከርሟል።

ጭስ መውጫውን ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ አፈነው፤ የካርቡሬተሩንም ቦታ እንዲሁ ደፈነ። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የብስክሌት ጎማ መንፊያ ገጠመና አየር ሞላው። ከዚያ የሳሙና አረፋ በብሩሽ እየቀባ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ዞረ። ሲሊንደሩ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ጤነኛ ነው። በሰንሰለቱ ወገን፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ምንም የለም። በሌላው ወገን ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ቮላኖ ፈትቶ ከጀርባው ያለውን ዘንግ ሲቀባ አረፋው ተነፋ፤ ፈነዳ፤ ደግሞ ተነፋ። በዘንጉ ዙሪያ አየር እንዳይገባ የሚያግደው ኦይል ሲል፣ ያ ቀለበት ጎማ፣ ከንፈሩ በአንድ ወገን ተበልቷል። እዚያው ሥር በዘይት የራሰ ሰጋቱራ ተጋግሮ ደርቋል፤ መጋዙ በየቀኑ ዛፍ ሲቆርጥ የተጠራቀመ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶት ነበር፤ የካርቡሬተሩን ብሎኖች በመብራት አያቸው። የሚኒሞው ብሎን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተፈትቷል፤ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። የነዳጁ ደግሞ ከልኩ በላይ ተከፍቷል።

ጸጋው ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። ያን ቀን የሆነው ሁሉ በዓይኑ ላይ መጣ። የሽዋስ መጋዙ አልበርድ እንዳለው አውቋል። ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ካቻቢቴ ይዞ፣ ሚኒሞውን ቀስ እያለ መልሷል፤ ነዳጁን ጨምሮለታል። ሞተሩ ቀዝቀዝ ሲል ረግቶለት «ተሻለው» ብሎ ተነስቷል። እንደገና ሲግል ግን ቀዳዳው ተከፍቷል። ቅርንጫፉን ቆርጦ፣ መስጫውን ለቆ፣ እግሩን ሲያነሳ ሰንሰለቱ አልቆመለትም።

ይህ ልቡ የነደደ ሰው ሥራ አይደለም። ልቡ የነደደ ሰው ካቻቢቴ ይዞ አይቀመጥም።

ማሬ አልገደለችውም። ያች ጠዋት ከሞቱ ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም። ባልና ሚስት ናቸው፤ ተጣሉ፤ ማታ ይታረቁ ነበር። ጸጋው እዚህ ላይ ሲደርስ በመደሰት ፈንታ ፈራ። ስትሰማ ምን ትሆናለች? ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሰዋለች። መቃብሩ ድረስ ትሄዳለች። የሽዋስ እንደገና እንከን የሌለው ባል ሆኖ ከመቃብሩ ይነሳና እቤቱ ይገባል፤ ጸጋው ደግሞ የሚውጣት ክኒን አትኖረውም።

አዲስ ኦይል ሲል ከባጃጅ መለዋወጫ መሃል ልኩን አግኝቶ ገጠመ። የተጋገረውን ሰጋቱራ በቤንዚን አጠበ። ብሎኖቹን ወደ ልካቸው መለሰ። የተበላውን ቀለበት ውዳቂ ብረት ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣለው። አመሻሹ ላይ እቤት ሲገባ ማሬ ቀና ብላ፣

«ምን ሆኖ አገኘኸው?» አለችው።

«ምንም። ቤንዚኑ አርጅቶ ነው።»

«መጋዙ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«እሺ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጸጋው አሁንም የምታስበው እሱን ነው ብሎ ገነፈለ፤ ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

ቅዳሜ ዕለት አስማማው ሊወስድ መጣ። ማሬ እጇን ታጥባ ምሳ አቀረበች፤ አብረው በሉ። ከዚያ ጸጋው መጋዙን ግቢ ውስጥ አስነሳለት። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እንደ ተኛ ድመት ይንኮራኮራል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ይነሳል፣ ሲለቀው ወዲያው ይበርዳል። አስማማው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እንዲህ ነው እንዴ ድምፁ?» አለ። «እኔ ያን ቀን ከወንዙ ማዶ ነበርኩ። ከሩቅ ስሰማው ይጮሃል፣ አይበርድም፣ ይጮሃል። በልቤ ‹ጠዋት ከእትዬ ጋር ተጣልቷል፤ ንዴቱን መጋዙ ላይ ነው የሚወጣው› አልኩ። ሄጄ ‹ወንድሜ፣ ቁጭ በልና ይብረድልህ› ባልኩት ኖሮ ይኼኔ…»

አልጨረሰውም። ማሬ ደፍ ላይ ቆማ ነበር። የያዘችውን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ጓሮ ዞረች።

ጸጋው ሞተሩን አጥፍቶ ተከተላት። ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጭናለች። አላለቀሰችም።

«ማሬ።»

«ተወኝ፤ አውቃለሁ» አለች። «እኔ እንደገደልኩት አንተም ታውቃለህ። ስሙ በተነሳ ቁጥር ፊትህ ሲጠቁር የማላይ ይመስልሃል? ‹ነፍሰ ገዳይ አገባሁ› እያልክ እንደሆነ የማይገባኝ ይመስልሃል? መጋዙ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ነበር… ትንሽ ተስፋ አድርጌ ነበር። ደህና ነበር አልከኝ።»

ጸጋው እንደ ተመታ ሰው ቆመ። የገዛ ቅናቱን በእሷ ዓይን ሲያየው እንዲህ ይመስላል ብሎ አስቦ አያውቅም። እሱ በሞተ ሰው ሲቃጠል እሷ በአጠገቡ ተኝታ የምትፈረድባት መስሏታል።

አስማማውም ተከትሏቸው መጥቶ ነበር። «እዚህ ቆዩ» አለ። «ሁለታችሁም። መጣሁ።»

ባጃጅ ይዞ ጋራዥ በረረ። የውዳቂውን ጣሳ መሬት ላይ ደፋው፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከዛጉ ብሎኖች መሃል ቀለበቷን ፈልጎ አገኛት። ተመልሶ መጥቶ ማሬ መዳፍ ላይ አኖራት።

«ይቺ ናት የገደለችው» አለ። «አንቺ አይደለሽም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ አየሩ በየት እንደሚገባ፣ ካንዴላው እንዴት እንደነጣ፣ ብሎኑ እስከ የት እንደተፈታ። «ስትሰማው የነበረው ንዴቱን አይደለም» አለው አስማማውን። «እጁ መስጫው ላይ አልነበረም። ሞተሩ ለብቻው ነው የሚጮኸው። ወንድምህ ሊያበርደው እየታገለ ነበር።»

ማሬ ቀለበቷን እያገላበጠች ቆየች።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

«በእሱ።»

አስማማው ዓይኑን ወደ አጥሩ አዞረ። ማሬ ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሰው ትክ ብላ አየችውና ብድግ አለች።

«ነገ እናቱ ዘንድ ትወስደኛለህ። አንተው ትነግራቸዋለህ» አለች።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱም መጋዙን ይዘው በሚኒባስ ወደ ደብረ ወርቅ ተጓዙ። ማሬ መንገዱን ሙሉ ከጸጋው ጋር አልተነጋገረችም። እሱም ጉልበቱ ላይ የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ የራሱን ነገር ያስባል። መካኒክ የተበላሸውን ለመጠገን እንጂ የሌላ ሰው ስም ለማደስ እንዲህ ርቆ ይሄዳል? ከአስፋልቱ ወርደው በእግር መንገዱ ሲጓዙ የሚያገኙት ሰው ሁሉ ማሬን እያየ ያንሾካሹካል።

እማሆይ ወለተ ሐዋርያት በሚያፈሰው ቤታቸው ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። የጸጋውን ሰላምታ ተቀበሉ። ማሬ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ግን ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ።

«እማሆይ፣ የመጣሁት ስለ ልጅዎ ነው» አለ ጸጋው። «እንዴት እንደሞተ ላሳይዎ።»

«እንዴት እንደሞተ እኔ አጥቼው ነው የምታሳየኝ?»

«በወሬ ነው የሚያውቁት። እኔ መጋዙን ከፍቼ አይቻለሁ።»

እማሆይ አልከለከሉትም፤ ጸጋው መሬት ላይ ጆንያ ዘረጋ። ሰንሰለቱንና ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ብረት አወለቀ፤ ሰው እንዳይጎዳ። ከዚያ ቮላኖውን ፈትቶ ራሱ የገጠመውን ደህናውን ኦይል ሲል አወጣና የተበላውን ከማሬ ተቀብሎ መልሶ ከተተ። ሚኒሞውንም ሟቹ እንደተወው እስከ መጨረሻ ፈታው። የገዛ ሥራውን ሲያፈርስ እጁ እንቢ ይለው ነበር፤ ማሬ ከላዩ ቆማ እያየችው ስለሆነ ግን አላቋረጠም።

አስነሳው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነውና እየተንደቀደቀ ረጋ።

«ይኸው ደህና አይደለም እንዴ?» አሉ እማሆይ።

«ትንሽ ይታገሡ።»

የኋላ እጀታውን በጫማው ረግጦ፣ ነዳጅ እየሰጠ አሞቀው። ጎረቤት ተሰብስቦ አጥሩን ተደግፏል። ጸጋው ላብ አጠመቀው፤ ባይጮህስ ብሎ ፈራ፤ ወዲያው ደግሞ ባይጮህ ደስ እንደሚለው አወቀና በራሱ አፈረ። በመጨረሻ መስጫውን ለቀቀና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ሞተሩ መውረድ ጀምሮ ነበር። መሃል ላይ ሲደርስ ግን ተመለሰ። ማንም ሳይነካው ለብቻው ወጣ፤ ወጣ፤ ጩኸቱ ግቢውን ሞላው።

«እጄን ይዩ እማሆይ!» ብሎ ጮኸ ጸጋው። «እጄን ይዩት!»

«ይኸ ነው!» አለ አስማማው ወደ መጋዙ እያመለከተ። «በመድኃኔ ዓለም፣ ይኸ ድምፅ ነው!»

ጸጋው አጠፋው። ሰማያዊ ጭስ በጣሪያው ክዳን ላይ ተንሳፎ ሄደ። እማሆይ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መጋዙን ያያሉ።

«እንግዲያ ልጄ ተናዶ አልነበረም?» አሉ።

«ከቤት ሲወጣ ተናዶ ይሆናል፤ እሱን እኔ አላውቅም። መጋዙ ሲመታው ግን ሊያበርደው ሲታገል ነበር። ብሎኑን እስከ መጨረሻ ፈትቶት ነው ያገኘሁት። ሥራውን የሚያውቅ፣ ጥንቁቅ ሰው ነበር።» የመጨረሻዋን ምስጋና ሊያስቀራት ምንም አልቀረውም ነበር፤ ግን ተናገራት።

እማሆይ ወደ ማሬ ዞሩ። ይቅርታ ግን አላሉም። «ነይ» አሏት። «ነጠላሽን አስተካክይ። የተኛበትን ላሳይሽ።»

ያን ጊዜ ማሬ ጮኸች። «የሽዋስዬ! ኧረ የሽዋስዬ!» ብላ ደረቷን ይዛ ተንበረከከች። ዓመታት ሙሉ ያላለቀሰችው ልቅሶ ነው፤ የጎረቤት ሴቶች ገብተው ደገፏት፤ እማሆይም ራሳቸው መቋሚያውን ጥለው አቀፏት። ጸጋው መጋዙን እንደያዘ በዚህ ሁሉ መሃል ቆመ። «የሽዋስዬ» የምትለዋ ቃል እንደ ጋለ ብረት ነካችው። እሱን «ጸጋዬ» ብላው አታውቅም። ሚስቱ ለሌላ ወንድ ስታለቅስ ቆሞ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይመኝም። ግን ዞር አላለም፤ እንዲያውም መሬት ላይ የወደቀውን ነጠላዋን አንስቶ አቀበላቸው።

ሴቶቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሄዱ እሱ ተመልሶ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። የተበላውን ቀለበት አውጥቶ ደህናውን ገጠመ፤ ብሎኑን ወደ ልኩ መለሰ፤ ሰንሰለቱን መልሶ አጠበቀ። ለአስማማው ሲያስረክበው «ስትለቀው ካልበረደልህ አንድ ዛፍ እንኳ እንዳትነካበት። ይዘህልኝ ና» አለው።

ማሬ እዚያው አደረች። እማሆይ ካላደርሽ ብለው ያዟት። ጸጋው በመጨረሻው ሚኒባስ ብቻውን ተመለሰ፤ መንገዱን ሙሉ መቃብሩ ላይ ምን እያለች እንደሆነ ሲያስብ ተቃጠለ። እውነቱን መናገር ቅናትን ያጠፋል ብሎ ነበር፤ አላጠፋለትም።

በሦስተኛው ቀን መጣች። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ አረማመዷ ግን ሸክም ያወረደ ሰው ነው። ጋራዡ ድረስ ነው የመጣችው፤ ሰባራ ጄኔሬተር ላይ ተቀመጠች።

«ተቆጥቼብሃለሁ» አለች። «አንድ ሳምንት ሙሉ እያወቅክ ዝም አልከኝ።»

«እውነትሽን ነው።»

«ሁለተኛ እንዳትደብቀኝ።»

«ልቀና እችላለሁ ግን» አለ ጸጋው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አለቀልኝ ብዬ አልዋሽሽም።»

«ቅና። ቅናቱን እችለዋለሁ። ዝምታህን ነው የማልችለው።»

ከዚያ ማሬ በድንገት ሳቀች። እማሆይ ያስታወሷትን ነገር ትነግረው ጀመር፤ የሽዋስ ያንን መጋዝ መጀመሪያ ያመጣው ጊዜ በጩኸቱ የመንደሩ ከብት ሁሉ በርግጎ ካህናቱ ለክስ እንደመጡበት። ስሙን ስትጠራ እንደ ድሮው ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ የጸጋውንም ፊት ሰርቃ አላየችም። የጸጋው ደረት እንደ ልማዱ ተቆረጠመ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣለና ከፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ከዚያስ?» አላት።